ሩት ወንድ ነው አሉኝ

ውድ አባቴ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እንቢ አለኝ። አንተ እንደምን እንደሰነበትክ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። በቅሎህ ዳማም አለች፤ ክፋቷ ግን ከአንተ ጋር አልተቀበረም። ባለፈው ሰሞን አንዲት ፈረንጅ እንግዳ ጀርባዋ ላይ አስቀምጬ ከአሸተን ማርያም ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ባባብላት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አንተ የምትሰድባትን ስድብ ሳወርድባት ጆሮዋን ቀስራ ዞር ዞር ብላ አየች። አንተን ፈልጋ ነው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ መራመድ ያቃተው እኔን ነው። እንግዳዋ የታመምኩ መስሏት ውኃ ሰጠችኝ።

አዎ፣ በቅሎዋን የምጎትታት አሁን እኔ ነኝ። እንግዳ እንደ ድሮው አይመጣም፤ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ቢሆንም እንኖራለን። ሙት ዓመትህን በጥቅምት አወጣን። ጠላው አነሰ እንጂ ሰው አልቀረም፤ ከጋሸና ሳይቀር መጥተው ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው። አባዬ፣ ተቆጥቼህ ነበር። ከገና በፊት ብጽፍልህ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ስድብ ይሆን ነበር። አሁን ገናም አለፈ፣ ንዴቴም አለፈ፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብዬ ልንገርህ። ሩት ወንድ ነው አሉኝ።

አንተ የምታውቀውን ለአንተ መልሼ ማውራቴ ያስቃል፤ ግን ከመጀመሪያው ካልመጣሁ ነገሩ አይገባልኝም። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጉልበቱን የሚያመው አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ዳማ ላይ ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ ወደ አሸተን ይመላለስ ነበር። አንተ መንገዱ ሲሰለችህ እንደ ልማድህ ጠጠር ወደ ላይ ትወረውርና በዱላህ መትተህ ገደል ማዶ ትልካለህ። ሽማግሌው ያንን ሲያይ ከበቅሎዋ ሊወድቅ ደረሰ። «ቤብ ሩት! ቤብ ሩት!» እያለ ጮኸ። አንተ የሰማኸው «ቤቢ ሩት» ነው። አስተርጓሚ የለ፣ ምን የለ። የአንተ እንግሊዝኛ «ጉድ ሞርኒንግ» እና «ስሎው፣ ስሎው» ናት። ሰውዬው «ሂ» ይበል «ሺ» ይበል በምን ታውቅለታለህ? ቤቢ ብለን የምንጠራው ሴት ሕፃን ነው፤ ሩት ደግሞ የሴት ስም መሆኑን መጽሐፍ ቅዱሱ ይመሰክራል። በቃ፣ ሴት ሆነች።

ቤት እንደገባህ ጫማህን ሳታወልቅ «ንጋቴ፣ አሜሪካን አገር ሩት የምትባል ሴት ነበረች። ሩር ከመታች ሩሩ አይመለስም» አልከኝ። ሩር ያልከው የእነሱን የቤዝቦል ኳስ ነው። ለአንተ በዱላ የሚመታ ነገር ሁሉ ሩር ነው፣ በዱላ የሚጫወት አገር ሁሉ ገና ይጫወታል። የእኛ ሩር ከእንጨት ተጠርባ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ የእነሱ በቆዳ ተሰፍታ በአየር የምትመጣ መሆኗን በኋላ ነው ያወቅነው። ሽማግሌው አፈር ላይ በጣቱ ሰባት መቶ አሥራ አራት ብሎ ጽፎልህ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ ከአጥር ውጭ ሰድዳዋለች ማለት ነው። አንድ ቀን ደግሞ ሕዝብ ሁሉ እየሰደባት ጣቷን ወደ ሩቅ ቀስራ «እዚያ ነው የምልከው» አለችና እዚያው ላከችው ብለህ፣ እኔን ምድጃው አጠገብ አቁመህ ጣቴን አስቀሰርከኝ። እማዬ «ልጅቷን አታባልጋት» አለችህ። ከገና ወዲህ ስልኬ ላይ ሳነብ ያን ጊዜ በእርግጥ አመልክቷል አላመለከተም እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ ቤት ግን ክርክር አልነበረም።

ሽማግሌው በዓመቱ አስተርጓሚ ይዞ ተመልሶ መጣ፤ ያኔ ሌሎቹን ተጫዋቾች ጨመርክልን። አሮን መጣ። ገሪማ መጣ። ፈረንጆቹ ጌሪግ ነው የሚሉት፤ አንተ ግን «ገሪማ ነው፣ አፋቸው አልፈታላቸው ብሎ ነው» ብለህ ድርቅ አልክ። ሪኪ የሚሉት ደግሞ ሰርቆ የሚኖር ሰው ነበር። የባላጋራውን ዓይን ጠብቆ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ሮጦ መግባት እነሱ ዘንድ መስረቅ ይባላል፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ጊዜ የሰረቀ እሱ ብቻ ነው። ይህን በእድር ላይ ስታወራ አንዱ ሽማግሌ «ታዲያ አልታሰረም?» ብለው ጠየቁህ። አንተ ደግሞ ዓይንህን ሳታሽ «ኧረ ሸለሙት» አልካቸው።

አሮንን ከሩት ባላነሰ ነበር የምንወደው። ሩትን አልፎ ሰባት መቶ ሃምሳ አምስት ያደረሰው እሱ ነው። ሊያልፋት ሲቃረብ ግን፣ ጥቁር ነውና፣ «እንገድልሃለን» የሚል ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር ስትል መንደሩ ሁሉ አዘነ። ከሁሉም የከፋቸው መምሬ ገብረ ሊባኖስ ነበሩ። እኛ ዘንድ በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ፤ ሎሌ ጌታውን ቢያሸንፍ፣ ቢሰድበው፣ ቁርጭምጭሚቱን በዱላ ቢለው እንኳ ጌታ አፉን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። መምሬ በመቋሚያቸው መሬቱን እየወጉ «ምን ዓይነት ጌቶች ናቸው፣ በጨዋታ የሚቆጡ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ አሮንን እንደ ደብራቸው ልጅ ነው የሚያነሱት።

እኔ ግን ሩትን ያዝኩ። ወንድ ልጅ ስላልወለድክ መንደሩ ሲያዝንልህ አንተ ከቤታችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ዱላ አስይዘህ ሩር ታስመታኝ ነበር። ዱላው ከእኔ ይረዝማል። ስስት «ሩትም ትስታለች፤ አብዝቶ የሚመታ አብዝቶ ይስታል» ትለኛለህ። እናቶች በዚያ ሲያልፉ ቆመው ያማትባሉ። አንዷማ «ደሳለ፣ ልጅቷን ማን ሊያገባት ነው?» ብላ ስትጠይቅህ «የሚሮጥ ካለ ይሞክር» አልካት። ስትስቅ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ስኳሩ ያዘህ። መርፌህ በየቀኑ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ መርፌው ጠፋ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍልህም፣ አንተው ኖረኸዋል። ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር፤ ከጎረቤት እስከ ጎረቤት ዞርኩ፤ ሰው ያለውን አልነፈገንም፣ የለውም እንጂ። እግርህ ሲደነዝዝ «ገሪማ ሁለት ሺህ መቶ ሠላሳ ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫውቶ፣ ጉልበቱ ሲከዳው ማንም ሳያስወጣው ራሱ ሄዶ ዛሬ እኔን ተዉኝ አለ» ትለኝ ነበር። እኔ እንደ ቀልድ ሰማሁህ። ምን ልበል፣ ሞትህን የሚያስብ አንጎል አልነበረኝም።

አንዱ ቀን ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። እማዬ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ እኔና አንተ ብቻ ነበርን። ዓይንህን ጨፍነህ ቆይተህ «ንጋቴ፣ የሩት ነገር እኮ…» አልከኝ። ታሪኩን ንገሪኝ ያልከኝ መስሎኝ አላስጨረስኩህም፤ ደስ ብሎኝ ጀመርኩልህ። ሕዝቡ ሲሰድባት፣ ጣቷን ስትቀስር፣ ሩሩ ከአጥር ማዶ ሲወድቅ፣ ሁሉንም አንተ እንደምታወራው አወራሁልህ። ስጨርስ እንባህ በጆሮህ በኩል ወርዶ ነበር። እጄን ይዘህ «እሷ ናት። እሷ ናት» አልከኝ። በሳምንቱ ሄድክ።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ በገና ዕለት የእኛ ላይ አምባና ታች አምባ በሩር ከመጋጠማቸው በፊት መምሬ ሜዳው መሀል ቆመው ቤት ይጠራሉ። የተጠራው ቤት ዱላ አንስቶ «አለ!» ይላል። «አለ» የሚል ያጣ ቤት ከዚያ ወዲያ አይጠራም። አምና ለሐዘናችን ብለው ዝም ብለው አለፉን። ዘንድሮ ሐዘኑ ወጥቷል። «የደሳለ ቤት» ሲባል የሚመልስ ካልተገኘ ግን የአያትህም፣ የአባትህም፣ የአንተም ስም ከሜዳው ወጣ ማለት ነው። እማዬ ፍላቂት ያለው የአጎቴ ልጅ ውዱ መጥቶ ይቁምልን አለች። እኔ «እኔ እያለሁ?» አልኳት። ዝም አለችኝ። የእሷን ዝምታ ታውቀዋለህ፤ እንቢ ከማለት ይከፋል።

በታኅሣሥ መጀመሪያ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ አጠገብ እንደተቀመጡ ነጠላዬን አጣፍቼ ቀረብኩ። መቼም ነገር አዋቂ ነኝ፣ በአንተ ወጥቼ። ልጅ ካለ ዘመድ አይጠራም አልኳቸው። ሴት ሩር መትታ አታውቅም እንዳይሉኝ ደግሞ ሩትን አነሳሁ። አባዬ፣ አንተ ብታየኝ! ሰባት መቶ አሥራ አራቱን ጠራሁላቸው፣ ጣቷን መቀሰሯን ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹም ያውቋታልና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንዲያውም አንዱ «ሩት ካልቀረባት ለእኛ ልጅ ምን ይቀርባታል?» ብለው ወደ እኔ አደሉ። መምሬ ጢማቸውን ይዘው ያስባሉ። እሺ ሊሉኝ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር፤ ይህን በልጅነቴ እምልልሃለሁ።

አስጎብኚው ሰሎሞን ነው ያበላሸው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ለእኔ ሊያግዝ ፎቶዋን ላሳያቸው ብሎ ስልኩን አወጣ። ፈልጎ ሲያገኝ ፊቱ ተቀያየረ። መደበቅም አልቻለም፤ ጎኑ ያሉት አይተዋል። ጉንጩ ያበጠ፣ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ፣ ሆዱ ቀበቶውን ያለፈ ወንድ ነው። ወንድ፣ አባዬ! ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ «ይህች ናት ሩት?» ሲል ደጀ ሰላሙ በሳቅ ፈረሰ። ሰሎሞን «ንጋት፣ አላወቅኩም ነበር» ይለኛል። መምሬ አልሳቁም። የእሳቸው ግን ከሳቁ ባሰብኝ። «ልጄ፣ አባትሽ ጨዋታ ይወድ ነበር። ነፍሱን ይማር» አሉኝ።

ያን ቀን ጠላሁህ። ይኸው ጻፍኩት። ሞተህ እንኳ አደባባይ ላይ አዋረድከኝ ብዬ ጠላሁህ። አልቃሻ ሆኜ አላውቅም፤ ዳማን በረት ካስገባሁ በኋላ ግን አንገቷን ይዤ አለቀስኩ። አታውቅም ነበር ብል ሞኝ ነበርክ ማለት ነው፤ ታውቅ ነበር ብል ደግሞ ስትስቅብኝ ኖርክ ማለት ነው። ሁለቱንም አንተን ማድረግ አቃተኝ። የምጠይቅህ ደግሞ የለህም። «የሩት ነገር እኮ» ያልከኝ ትዝ ሲለኝ ይብሱን ነደደኝ፤ እስከ መጨረሻህ ስትቀልድብኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ለእማዬ «ውዱን ልጥራው» አልኳት። ደስም አላላት፣ አልከፋትም። ገና ሲቀርብ ስንቅ ቋጥራ ወደ ፍላቂት ላከችኝ። ጋሸና ወርጄ መኪና ስቀይር የፍላቂቱን ሚኒባስ የሚሞላው አብዱልጀባር ነው። የሚያውቅህ፣ ሽማግሌውን አሜሪካዊ በሁለተኛው ዓመት ከጋሸና ያመጣው አብዱልጀባር። መኪናው እስኪሞላ ሻይ ጋበዘኝ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ለምን አንቺ አትቆሚም ሲለኝ ሆዴ የያዘው ሁሉ ወጣ። ሩት ወንድ እንደሆነ፣ እንደተሳቀብኝ፣ አንተም እንዳታለልከኝ አንድ በአንድ ነገርኩት።

ሻዩን አስቀመጠ። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ሲያውቅ እኔ አጠገቡ ነበርኩ» አለኝ።

እዚሁ ጋሸና ምሳ ላይ ነበር አለኝ። ሽማግሌውን ልትቀበል መጥተህ አብራችሁ ስትበሉ፣ አስተርጓሚ በመገኘቱ ደስ ብሎህ መጀመሪያ የጠየቅከው «ሩት ልጆች ወልዳለች ወይ?» ብለህ ነው። አስተርጓሚው ሲያዞርለት ሽማግሌው እስኪያነባ ሳቀ። ነገሩ ሲገለጥልህ አንተም አብረህ ሳቅክ። ላሊበላ ስትወርዱ ግን አብዱልጀባርን ወደ ጎን ጠርተህ ልጄ እንዳትሰማ አልከው። እሱ ደግሞ ንገራት፣ ውሎ አድሮ ከሌላ ብትሰማው ይከፋታል ብሎ መከረህ።

«ወላሂ፣ ያለኝን እነግርሻለሁ» አለኝ አብዱልጀባር። «‹ሩት ወንድ ሆነ ብዬ ከልጄ እጅ ዱላ ልቀማ? ሜዳ የገባች ቀን እነግራታለሁ። ያን ቀን ሩት አታስፈልጋትም፤ ንጋት ትኖራለች› ነው ያለኝ።»

አባዬ፣ ያ ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት «እሷ» እያልክ ስታወራልኝ አንድ ቀን እንኳ ምላስህ አልተሳሳተም። ሜዳ የምገባበትን ቀን እንደማታይ ስታውቅ ደግሞ ልትነግረኝ ጀመርክ፤ እኔ ታሪክ አወራሁልህ። እውነቱን ከአፍህ መለስኩት፣ አንተም ዋጥከው፤ «እሷ ናት» ብለህ ዋጥከው። ሕመሙ አልበቃ ብሎህ ይህንንም ይዘህልኝ ሄድክ። አብዱልጀባር መሐረቡን ሰጠኝ። ሚኒባሱ ሲሞላ ረዳቱ «ፍላቂት፣ ፍላቂት» እያለ ጠራኝ። አልተሳፈርኩም። ወደ ላሊበላ የሚሄደውን ጠብቄ ተመለስኩ።

ለእማዬ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ያወቀች መስሎኝ ነበር፤ አላወቀችም። ለእሷም ሩት ሴት ነበረች። «ይህ ሰውዬ» ብቻ አለች። በማግሥቱ ከገበያ ስመለስ ዱላህን ከቆጡ አውርዳ ቅቤ ስትቀባው አገኘኋት።

የገና ዕለት በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ተብሎ፣ ሕዝቡ ወደየቤቱ ገብቶ በልቶ ጠጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞላ። እማዬን ከሴቶቹ ጋር ትቼ ዱላህን ይዤ ወደ ላይ አምባ ሰዎች ሄድኩ። አንዳንዱ ገለል ይላል፣ አንዳንዱ ይስቃል። መምሬ መጥራት ጀመሩ። ከእኛ በፊት ያለው ቤት ተጠራና መለሰ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የደሳለ ቤት» አሉ። መልስ እንደማያገኙ ያህል ወደሚቀጥለው ሊሄዱ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

«አለ!» አልኩ።

ድምፄ ቀጠነብኝ፤ ዱላውን ግን እስከ ላይ አነሳሁት። ከታች አምባ በኩል አንዱ «ሩት መጣች!» ሲል ሜዳው ሳቀ። መምሬ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና ወደ እኔ መጡ። ምን ልትዪ ነው እንደሚል ሰው አዩኝ።

«መምሬ፣ ሩት ወንድ ነው፤ አሁን አውቄያለሁ» አልኳቸው። «ለደሳለ ቤት ያለሁት ግን እኔ ነኝ።»

ቅቤ የጠጣውን ዱላህን አዩት። እማዬ ወዳለችበትም አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሁሉም እንዲሰማ «ቤቱ አለ። ሴት ልጅ ግን እኔ ቆሜ ሜዳ አላስገባም። ከዳር ቁሚ» አሉ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል መስቀላቸውን አስነኩኝና ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

ስለዚህ ከዳር ቆምኩ። ጨዋታው እስኪያልቅ ዱላዬን ይዤ፣ ፀሐዩ ፊቴን እየበላኝ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ሩሯ ከግርግሩ አምልጣ እግሬ ሥር ድረስ ተንከባላ መጣች። እንዴት ያለች ሩር መሰለችህ፤ ክብ፣ አዲስ፣ ለመመታት የተፈጠረች። የላይ አምባ ልጆች ሩቅ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ብላት የታች አምባን ዳር እንደማሳልፋት አውቃለሁ። እጄ አሳከከኝ። መምሬ ያዩኛል። ብነካት ቤቱን ይሰርዙታል ብዬ ፈራሁና ዱላዬን መሬት ላይ ተክዬ ቆምኩ። የታች አምባ ሰው ሮጦ መጥቶ ከእግሬ ሥር ወሰዳት። አባዬ፣ ያቺን ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተም ብትሆን ቤቱን ነበር የምትመርጠው። ግን እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለች።

ተሸነፍን። ታች አምባዎች ዱላቸውን እየነቀነቁ መጡና መስደብ ጀመሩ፣ እንደ ወጉ ቤት በቤት እየጠሩ። የአንዱን ቤት ሆዳም፣ የአንዱን ቤት እንቅልፋም እያሉ በግጥም አወረዱት። ታውቀዋለህ፣ ያልቆመ ቤት አይሰደብም፤ ለሌለ ቤት ግጥም የሚያባክን የለም። እኛን ዘለው ያልፋሉ ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። አልዘለሉንም። ፊቴ መጥተው ቆሙና አውራጁ እንዲህ አለ፦

የደሳለንማ ቤት አየነው ዘንድሮ፣
ሩር ሳይነካ ዋለ ቆሞ እንደ ሴት ዶሮ።

ሌሎቹ እየተቀበሉ «የደሳለን ቤት፣ የደሳለን ቤት» እያሉ ጨፈሩብን። ከተቀበርክ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን የሚጠሩህ በክርስትና ስምህ ነው፤ ለቄሶቹ አንተ ተክለ ሚካኤል ነህ። «ደሳለ» ብሎ በአደባባይ የጮኸ ግን እስከዚያች ሰዓት አልነበረም። እማዬ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ወደ እኔ ስትሮጥ አየኋት፤ በዚያ ጉልበቷ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ ይወርዳል። ክንዴን ይዛ «ሰማሽ ንጋት? ደሳለን ሰደቡት እኮ። ሰደቡን!» አለችኝ። እኔም አቅፌያት «አዎ እማዬ፣ ሰደቡን» አልኳት፤ ሁለታችንም ሜዳው ዳር ቆመን አለቀስን።

ለከርሞም ይጠሩናል። እኔም እመልሳለሁ፤ ቢያስገቡኝ እገባለሁ፣ ባያስገቡኝ እቆማለሁ። አንተ በርታ፣ ስለ እኛ አታስብ።

ልጅህ ንጋት፣
ከደሳለ ቤት